የወይን ገበሬው ድሜጥሮስ

ልጆች ሆይ፥ በመስከረም 1 ቀን ጧት በወረታ ከተማና በፎገራ ሜዳ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት የሚሰበሰበውን ሕዝብ አይታችኋል። ክረምቱ ገና ጨርሶ አልወጣም፤ ርብና ጉማራ ሞልተው በመስኩ ላይ የተኛው ውኃ ገና አልሸሸም፤ ከሜዳው መካከል የሚመጡት ሰዎች ጭቃውን እየረገጡ፥ ነጠላቸውን ከፍ አድርገው ሰብስበው ይደርሳሉ። ቅዳሴው ከተፈጸመ በኋላ አንድ ካህን ተነሥቶ የአዲሱን ዓመት ባሕረ ሐሳብ ያሰማል። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደ ሆነ፥ ወንበሩ ስንት፥ አበቅቴው ስንት፥ መጥቅዑ ስንት እንደ ሆነ፥ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፥ ፋሲካም መቼ እንደሚውል ለሕዝቡ ይናገራል።

ሽማግሌዎች ይህን በጥንቃቄ ይሰማሉ። ልጁን ለመዳር ያሰበ አባት ጾሙ ሳይገባ ሠርጉን መጨረስ አለበት፤ በግ የሚያደልብ ሰው ለፋሲካ ገበያ እንዲደርስለት ይቈጥራል፤ ቅቤ የምታጠራቅም እናትም እንዲሁ። ጾሙ በአንዱ ዓመት ቀድሞ በሌላው ዓመት ዘግይቶ ስለሚገባ፥ ይህን ቍጥር ሳይሰማ ወደ ቤቱ የሚሄድ ገበሬ በኋላ ሰው ሲጠይቅ ይገኛል። እናንተ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁሉ ቍጥር እስኪያልቅ ድረስ የዐደይ አበባችሁን እያሻሻችሁ ትቆማላችሁ። እኔም በልጅነቴ እንዲሁ ነበርሁና አልወቅሳችሁም። ዛሬ ግን ቍጥሩን ሠራው ስለሚባለው ሰው ልንገራችሁ፤ ስሙ ድሜጥሮስ ይባላል።

ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ዐባይ ይወጣል፤ ዐባይም ሱዳንን አልፎ በግብፅ ምድር እየሄደ ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ይፈስሳል። በዚያ በባሕሩ ዳር እስክንድርያ የምትባል ከተማ አለች። ታላቁ እስክንድር ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በ331 ዓመት የመሠረታት ናት። በአቅራቢያዋ በጥንት ዘመን ብዙ የወይን አትክልት ይበቅል ነበር። ከእናንተ አገር ተራራ የወረደው ውኃ ሩቅ መንገድ ተጕዞ የድሜጥሮስን አገር ያጠጣ ነበር ማለት ነው።

ድሜጥሮስ የኖረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በሦስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ እንደሚተርከው የወይን ገበሬ ነበረ፤ ከትምህርት ቤት አልገባም፤ መጽሐፍም አልተማረም። እርሱ የሚያውቀው ወይኑን መግረዝ፥ መኰትኰት፥ ውኃ ማጠጣትና ፍሬውን መልቀም ነበር። የባለቤቱን ስም የአገራችን ሊቃውንት ልዕልተ ወይን ይሏታል። እርስዋ የአጎቱ ልጅ ስትሆን ወላጆችዋ ስለ ሞቱባት ከእርሱ ጋራ በአንድ ቤት አደገች፤ ለአካለ መጠን በደረሱም ጊዜ ዘመዶቻቸው አጋቧቸው። እነርሱ ግን በልባቸው ተስማምተው እንደ ወንድምና እንደ እኅት ሆነው ይኖሩ ነበር፤ ይህንንም ከእነርሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በዚያ ዘመን የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ዩልያኖስ የሚባል ሽማግሌ ነበረ፤ እርሱም ከወንጌላዊው ማርቆስ ጀምሮ ሲቈጠር ዐሥራ አንደኛው ነው። ዩልያኖስ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ፥ ነገ የወይን ዘለላ ይዞልህ የሚመጣው ሰው በወንበርህ ይቀመጣል የሚል ራእይ አየ ይባላል። በማግሥቱ ድሜጥሮስ አትክልቱን ሲጠብቅ፥ ወይን በማያፈራበት ወራት የበሰለ ዘለላ አገኘ። ገበሬ ያለ ወራቱ ያገኘውን ፍሬ ብቻውን ሊበላው አይወድም፤ እናንተም በቤታችሁ እሸት ሲደርስ አስቀድሞ ለማን እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። ድሜጥሮስም ያንን ዘለላ ለበረከት ብሎ ወደ ሽማግሌው አባት ወሰደ። ስለዚህ በ189 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ዩልያኖስ በሞተ ጊዜ ድሜጥሮስን ከአትክልቱ ቦታ ወስደው ዐሥራ ሁለተኛ ሊቀ ጳጳሳት አደረጉት።

ሕዝቡ ግን ደስ አላለውም። እስክንድርያ በዚያ ዘመን የመጻሕፍትና የፈላስፎች ከተማ ነበረች፤ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የነበረባት፥ ሒሳብና የከዋክብት ምርምር የሚጠናባት ነበረች። በእንዲህ ያለች ከተማ ላይ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ አባት ሲሆን የተማሩት ሰዎች ምን እንዳሉ መገመት አያስቸግርም። ሌላም ነገር አለ፤ ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃነ ጳጳሳት ሚስት የሌላቸው ሲሆኑ እርሱ ሚስት ነበረችው። ስለዚህ በሁለት ነገር አሙት፤ አንደኛው ያልተማረ መሆኑ፥ ሁለተኛውም ያገባ መሆኑ ነው።

ስለ ሁለተኛው ነገር የሚተረከው ይህ ነው። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን እሳት እንዲነድ አዘዘ፤ ፍሙንም በእጁ እያፈሰ በልብሱ ያዘ፤ ባለቤቱም በልብስዋ እንድትቀበለው አደረገ። ፍሙ የሁለቱንም ልብስ አላቃጠለም። ከዚያ በኋላ የኑሮአቸውን ምሥጢር ለሕዝቡ ገለጠ፤ ሕዝቡም አፍሮ ይቅርታ ለመነ። ይህ በመጋቢት 12 ቀን ይታሰባል።

የመጀመሪያው ሐሜት ግን በአንድ ቀን ተአምር የሚወገድ አልነበረም፤ ያልተማረ ሰው መማር አለበት። ድሜጥሮስ ጎልማሳ ሆኖ፥ የወይን መግረዣ የለመደውን እጁን ወደ መጽሐፍ መለሰ። ልጆች ሲማሩ የሚያነሡትን ፊደል እርሱ ሊቀ ጳጳሳት ሆኖ ተማረ፤ በኋላም መጻሕፍትን የሚተረጕም ሆነ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። በእሳት ፊት መቆም የአንድ ሰዓት ነገር ነው፤ በተማሩ ሰዎች መካከል አላውቅም ብሎ ከፊደል መጀመር ግን ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነው።

ዘመኑ ቀላል ዘመን አልነበረም። በ202 ገደማ የሮም ንጉሥ ሴቬሮስ በክርስቲያኖች ላይ ስደት አነሣ፤ በእስክንድርያም ብዙዎች ተገደሉ። ከተገደሉትም አንዱ የአርጌንስ አባት ነበረ። ድሜጥሮስ ያንን አባቱን ያጣ ጎበዝ ልጅ፥ ገና ወጣት ሳለ፥ የክርስቲያኖች ትምህርት ቤት መምህር አደረገው፤ አርጌንስም በዓለም የታወቀ ሊቅ ሆነ። ኋላ ግን ሌሎች ጳጳሳት በፍልስጥኤም ያለ ድሜጥሮስ ፈቃድ አርጌንስን ቅስና ስለ ሾሙት ተጣሉ፤ ድሜጥሮስም ከእስክንድርያ አራቀው። በዚህ ነገር ጸንቶ የያዘውን ሥርዐት አደንቃለሁ፤ ያሳደገውን ልጅ እንዲህ ማራቁ ግን ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ቍጥሩ ነገር እንመለስ። በድሜጥሮስ ዘመን ክርስቲያኖች ሁሉ ፋሲካን በአንድ ቀን አያከብሩም ነበር። በእስያ ያሉት ጨረቃ በምትሞላበት በዐሥራ አራተኛው ሌሊት፥ ዕለቱ ሰኞም ይሁን ረቡዕ፥ ያከብሩ ነበር፤ በሮምና በእስክንድርያ ያሉት ደግሞ እሑድን ይጠብቁ ነበር። በግብፅም ከጥምቀት በኋላ ወዲያው አርባ ቀን የሚጾሙ እንደ ነበሩ ይተረካል። አንዱ ሲጾም ሌላው ይበላል፤ አንዱ በሐዘን ሲሰግድ ሌላው በደስታ ይዘምራል። በ190 ገደማ የሮሙ ጳጳስ ቪክቶር በዚህ ምክንያት የእስያን ሰዎች ከአንድነት ሊለያቸው እስኪቃጣ ድረስ ጠቡ ከፋ። የሚፈለገው ነገር አንድ ነበር፤ ከሁሉ አስቀድሞ የታወቀ፥ ማንም ቈጥሮ ሊያገኘው የሚችል ቀን።

ነገሩን የሚያስቸግረው ፀሐይና ጨረቃ በአንድ ርምጃ የማይሄዱ መሆናቸው ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው፤ ዐሥራ ሁለት የጨረቃ ወር ግን 354 ቀን ነው። እንግዲህ ጨረቃ በየዓመቱ በስንት ቀን ትቀድማለች? እዚህ ላይ መቀነስ ያስፈልጋል።

ቍጥር ቤት ቤት አለው። በስተ ቀኝ በኩል ያለው አንድ ቤት ይባላል፤ ቀጥሎ ወደ ግራ ያለው ዐሥር ቤት፥ ከዚያም ቀጥሎ መቶ ቤት ይባላል። በምትቀንሱ ጊዜ የአንዱን ቤት ከሌላው ቤት ጋራ አታደባልቁ፤ አንድን ከአንድ፥ ዐሥርን ከዐሥር፥ መቶን ከመቶ ቀንሱ። ከ365 ላይ 354ን ስትቀንሱ፥ በአንድ ቤት ከ5 ላይ 4 ሲነሣ 1 ይቀራል፤ በዐሥር ቤት ከ6 ላይ 5 ሲነሣ 1 ይቀራል፤ በመቶ ቤት ከ3 ላይ 3 ሲነሣ ምንም አይቀርም። የቀረው 11 ነው። ይህች 11 የባሕረ ሐሳብ ሁሉ ሥር ናት።

የአገራችን ሊቃውንት ግን ድሜጥሮስ ወደዚህ ቍጥር የደረሰው በሌላ መንገድ ነው ይላሉ። በዓላቱና አጽዋማቱ ከተወሰነ ዕለት እንዳይወጡ ይመኝ ነበር፤ ጾሙ ሰኞ እንዲገባ፥ ሆሣዕናና ፋሲካ እሑድ እንዲውሉ፥ ዕርገትም ሐሙስ እንዲሆን ማለት ነው። መልአክም ተገልጦ የሌሊት 23 ሱባዔና የቀን 7 ሱባዔ እንዲገባ ነገረው። ሱባዔ ሰባት ቀን ነው። 23 ጊዜ 7 መቶ ስድሳ አንድ ይሆናል፤ ከ161 ላይ የወሩን 30 አምስት ጊዜ፥ ይኸውም 150 ሲገደፍ፥ 11 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ተባለ። 7 ጊዜ 7 ደግሞ 49 ነው፤ ከ49 ላይ 30 ሲገደፍ 19 ይቀራል፤ ይህም መጥቅዕ ተባለ። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፤ አበቅቴና መጥቅዕም ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው። አስተውሉ፥ በጨረቃ መንገድ ብንሄድ 11 አገኘን፤ በሱባዔው መንገድ ብንሄድም 11 አገኘን።

ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት አንድ ጊዜ ወደ ተነሡበት እንደሚገናኙ ከድሜጥሮስ በፊት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ሜቶን የሚባል የአቴና ሰው ክርስቶስ ከመወለዱ በፊት በ432 ዓመት ገደማ ይህን አስታውቆ ነበር፤ 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር እንደሚሆን ቈጥሮ ነበርና። እስክንድርያም የግሪክ መጻሕፍት የሞሉባት ከተማ ነበረች። ሆኖም የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ቍጥሩን በድሜጥሮስ ስም ጠርተው ይማሩታል።

አሁን አንድ ዓመት ይዘን እንሥራ፤ 2017 ዓ.ም. ይሁን። አስቀድመን ከክርስቶስ በፊት የሚቈጠረውን 5500 ዓመት እንጨምራለን፤ 7517 ይሆናል። ሊቃውንቱ 532 ዓመት ዐቢይ ቀመር፥ 76 ዓመት ማዕከላዊ ቀመር፥ 19 ዓመት ንዑስ ቀመር ይላሉ። ከ7517 ላይ ዐቢዩን ቀመር ዐሥራ አራት ጊዜ፥ ይኸውም 7448 እንቀንስ።

ይህ መቀነስ ብዙ ልጆች የሚሳሳቱበት ስለ ሆነ በቀስታ እንሂድ። በአንድ ቤት ከ7 ላይ 8 አይነሣም። ከጎረቤቱ ከዐሥር ቤት አንድ እንበደራለን፤ ያ አንድ ዐሥር ወደ አንድ ቤት ሲገባ ዐሥር አንዶች ይሆናልና 17 አለን፤ ከ17 ላይ 8 ሲነሣ 9 ይቀራል። ዐሥር ቤት የነበረውን አንዱን አበድሮ ባዶውን ቀርቷል፤ ከባዶ ላይ 4 አይነሣምና እርሱም ከመቶ ቤት ይበደራል፤ ከ10 ላይ 4 ሲነሣ 6 ይቀራል። መቶ ቤት 5 ነበረ፤ አንድ አበድሮ 4 ሆነ፤ ከ4 ላይ 4 ሲነሣ ምንም አይቀርም። በሺህ ቤትም ከ7 ላይ 7 ሲነሣ ምንም አይቀርም። የቀረው 69 ነው። ብድሩን የረሳ ልጅ 79 ወይም 179 ይላል፤ በገበያም ቢሆን ያበደረውን የረሳ ሰው እንዲሁ ይሆናል።

69 ከ76 ያንሳልና ማዕከላዊ ቀመር አይገኝበትም። ንዑሱን ቀመር ሦስት ጊዜ፥ ይኸውም 57 ስንቀንስ 12 ይቀራል፤ እዚህስ ብድር የለም። ከ12 ላይ አንድ ሲቀነስ 11 ይሆናል፤ ይህ የዓመቱ ወንበር ነው። ወንበሩን በ11 ስናበዛው 121 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 1 ይቀራል፤ የ2017 አበቅቴ 1 ነው። ከ30 ላይ 1 ሲነሣ 29 ነውና መጥቅዑ 29 ነው።

የሚቀጥለውን ዓመት ስንሠራ ይህን ሁሉ ድካም እንደ ገና መድከም የለብንም። የ2017 መጥቅዕ 29 ነው፤ የ2018 መጥቅዕ 18 ነው፤ የ2019 መጥቅዕ 7 ነው። እነዚህን ሦስቱን በሰሌዳ ላይ አንዱን ከአንዱ በታች ጽፋችሁ ተመልከቱ። በአንድ ቤት 9፥ 8፥ 7 እያለ ይወርዳል፤ በዐሥር ቤትም 2፥ 1፥ ከዚያም ባዶ። 11ን መቀነስ ማለት ከአንድ ቤት አንድ፥ ከዐሥር ቤትም አንድ ማንሣት ነውና ሁለቱ ቤቶች እኩል አንድ አንድ ደረጃ ይወርዳሉ። መሰላል እንደሚወርድ ሰው ሁለቱን እግር እያከታተሉ መውረድ ነው።

ነገር ግን ከ7 ላይ 11 አይነሣም። በዚህ ጊዜ የወሩን 30 እንጨምራለን፤ 37 ይሆናል፤ ከ37 ላይ 11 ሲነሣ 26 ነው። ይህ የ2020 መጥቅዕ ነው። ከ26 ወደ 15፥ ከ15 ወደ 4 ይወርዳል። እንደ ገና 30 ጨምረን 34 ስናደርገው 23 ይሆናል፤ ከ23 ወደ 12። በ2016 የነበረው መጥቅዕ 10 ነበረ፤ ከ10 ላይ 11 ስለማይነሣ 40 አድርገን 29 አገኘን። ይህኛው ከሌሎቹ ይከብዳል፤ የ40 አንድ ቤት ባዶ ስለ ሆነ መበደር ያስፈልጋልና፤ ከ10 ላይ 1 ሲነሣ 9፥ ዐሥር ቤቱም 4 የነበረው አበድሮ 3 ሆኖ አንድ ሲነሣለት 2።

12 ላይ ስትደርሱ ግን ቁሙ። ወንበሩ 18 የሆነበት ዓመት ነው፤ 2024 ማለት ነው። ከ12 ላይ 11 ቀንሶ የ2025 መጥቅዕ 1 ነው የሚል ይሳሳታል። በዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ክበቡ ተፈጽሞ ወንበሩ አልቦ ይሆናል፤ አበቅቴውም አልቦ፥ መጥቅዑ 30 ይሆናል። በዚህ በአንድ ስፍራ ብቻ የሚቀነሰው 11 ሳይሆን 12 ነው። እኔ በልጅነቴ የቃል ትምህርት ስማር በዚህ ስፍራ 1 ብዬ መልሼ ጓደኞቼ ሁሉ ሳቁብኝ። ደረጃውን በደንብ ይዤው ነበር፤ መሰላሉ የት እንደሚያልቅ ግን አላየሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወንበሩን ሳልጠይቅ መጥቅዕ አልቈጥርም።

ድሜጥሮስ ይህን ሲቈጥር ዛሬ በትምህርት ቤት የምንጽፋቸው አኃዞች አልነበሩትም። ግሪኮች በፊደላቸው ይቈጥሩ ነበር፤ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ላሉት ዘጠኝ ፊደል፥ ከዐሥር እስከ ዘጠና ላሉት ሌላ ዘጠኝ፥ ለመቶዎቹም ሌላ ዘጠኝ ነበራቸው። የእኛ የግዕዝ አኃዝም ከዚያ የተወሰደ ነው። 29ን ፳፱፥ 18ን ፲፰፥ 7ን ፯ ብለን እንጽፋለን። በግዕዝ ፳ ሁልጊዜ ሃያ ነው፤ በየትም ቢቀመጥ ቤቱን በመልኩ ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ለባዶ ቤት ምልክት አያስፈልገውም። በሌላው አኃዝ ግን 2 ሁለትም ሃያም ሁለት መቶም ሊሆን ይችላል፤ ቤቱን የምናውቀው በተቀመጠበት ስፍራ ነው። ይህ ዐይነት አጻጻፍ ከሕንድ ተነሥቶ በዐረቦች በኩል ወደ ምዕራብ መጣ፤ የፒዛው ሌዎናርዶ በ1202 በጻፈው መጽሐፍ ለአውሮፓ ነጋዴዎች አስተማረው። ድሜጥሮስ ከሞተ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ማለት ነው። እንግዲህ ያ የወይን ገበሬ የሚያግዘው አኃዝ ሳይኖረው፥ ዐሥሩን ከዐሥር አንዱን ከአንድ ሳያደባልቅ መቈጠር ነበረበት። በግዕዝ አኃዝ የሚሠሩት ሊቃውንቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። በቀልዳቸው የምታውቋቸው አለቃ ገብረ ሐና በዚሁ በፎገራ፥ በናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱ ናቸው፤ ሰው ቀልዱን ይዞ ሊቅነታቸውን ይረሳል።

መጥቅዑ ከታወቀ ቀሪው ቀላል ነው። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፥ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። የ2018 መጥቅዕ 18 ነውና መስከረም 18 ቀን ዋለ፤ ዕለቱም እሑድ ነበረ። ለእያንዳንዱ ዕለት የተመደበ ተውሳክ አለው፤ የቅዳሜ 8፥ የእሑድ 7፥ የሰኞ 6 እያለ አንድ አንድ እየቀነሰ እስከ ዓርብ 2 ይወርዳል። 18 እና 7 ሲደመሩ 25 ነው፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ሰኞ ገባ። ለፋሲካ 9 ሲጨመርበት 34 ሆነ፤ 30 ሲገደፍ 4 ቀረ፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን እሑድ ዋለ። በወረታ ገበያ በግ ይዞ የሚቆመው ሰው ይህን ሁሉ ላያውቅ ይችላል፤ ነገር ግን የሚቆምበትን ቀን የወሰነለት ይህ መቀነስ ነው።

የቍጥሩን ነገር ድሜጥሮስ ለሮም፥ ለአንጾኪያና ለኢየሩሳሌም አባቶች እንደ ላከው ይተረካል። ጠቡ ግን በእርሱ ዘመን ፈጽሞ አላለቀም። ከእርሱ በኋላ የተነሡት የእስክንድርያ አባቶች ፋሲካ የሚውልበትን ቀን በደብዳቤ ለአገሩ ማስታወቅ ልማድ አደረጉ፤ በ325ም በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ፋሲካ በአንድ እሑድ እንዲከበር ወሰኑ። ድሜጥሮስ ያንን አላየም። አርባ ሦስት ዓመት ያህል በሊቀ ጳጳስነት ተቀምጦ፥ በሽምግልናውም ቆሞ መሄድ ሲያቅተው በቃሬዛ እየተሸከሙት ወደ ቤተ ክርስቲያን እየመጣ ሕዝቡን እስከ ማታ ያስተምር እንደ ነበረ ይነገራል።

በ232 ገደማ በጥቅምት 12 ቀን ዐረፈ። በ2019 ዓ.ም. መጥቅዑ 7 ስለ ሆነ፥ በዓለ መጥቅዕ ጥቅምት 7 ቀን ቅዳሜ ይውላል፤ የድሜጥሮስም መታሰቢያ ከዚያ በአምስተኛው ቀን ሐሙስ ነው።